ከፈገግታ ጋር መድገም

የሆቴሉ ሠራተኞች እንግሊዝኛ የሚለማመዱት ምድር ቤት፣ ካውያ ክፍል ውስጥ ነው። ለትምህርት የተረፈ ሌላ ክፍል አልተገኘም። የተተኮሰ አንሶላ በየጥጉ ተቆልሎ፣ እንፋሎቱ ፊት እየለበለበ፣ አንዱ የተናደደ እንግዳ፣ ሌላው አስተናጋጅ ሆኖ ይነጋገራል። ንግግሩ የሚዘጋው በእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ሥራ አስኪያጁ ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ጣጣ ነው ይህ፤ እንግዳ ከባንኮኒው ሳይርቅ አንድ ምሳሌ ሊነገረው ይገባል። ለዘገየ ታክሲ አንድ፣ ለቀዘቀዘ ሾርባ ሌላ፤ ለእያንዳንዱ ችግር ተለክቶ የተሰፋ አለ። ተቆጣጣሪዋ የሎቢውን ምሰሶ ተደግፋ ታዳምጣለች፤ ሳይናገር የቀረ ወየውለት።

መምህሯ ገና ሲጀመር ተቃውማ ነበር። ባሕር ማዶ ስትማር እንዲህ የሚያወራ ሰው አንድም ቀን አልገጠማትም። ሥራ አስኪያጁ ግን አንቺ አስተምሪ፣ ማሰቡን ለእኛ ተይው አላት። እሷም ዋጥ አድርጋ ማስተማሯን ቀጠለች፤ ታላቅ እህቷ እዚያው ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ የሙከራ ጊዜዋን እየጨረሰች ነበርና። እህትየው ግማሽ ዕድሜዋን ከአንሶላ ጋር ስትታገል ኖራ፣ ወገቧ እምቢ ሲላት፣ በስንት ደጅ ጥናት ነው ወደ ላይ የወጣችው። ሙከራውን ካለፈች ቦታው የእሷ ነው። ከወደቀች ወደ አንሶላውም መመለስ የለም፤ ቦታዋ ላይ ሰው ገብቶበታል።

አንድ ቀን ማለዳ አንድ ሽማግሌ የውጭ አገር እንግዳ ከሆስፒታል ብቻቸውን ተመለሱ። ሚስታቸው ማታ ክፍላቸው ውስጥ ወድቀው ነበር የተወሰዱት። ሽማግሌው ቁልፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና፣ ባለቤቴ አርፋለች፣ ሻንጣዎቻችንን አስወርጂልኝ አሉ። ባንኮኒው ላይ የነበረችው እህትየው ክው አለች። ያጠናችው እንግሊዝኛ ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። ተቆጣጣሪዋ ከምሰሶው ሥር ጆሮዋን አቁማለች። በማይመለስ ነገር ለሚያዝን ሰው የሚባለው፣ በፈሰሰ ወተት አይለቀስም የሚለው ብቻ ትዝ አላት፤ ካውያ ክፍል ስትለማመደው ስለጠፋ ጃንጥላ ነበር። እሱኑ አለቻቸው። ሽማግሌው ጆሯቸውን ማመን አቅቷቸው፣ ምን አልሽኝ ብለው ጠየቁ።

መምህሯ ወሬው ሲነገራት፣ የቀረውን ሳትሰማው ያወቀችው እዚህ ላይ ነው። እንግዳ ምን አልሽኝ ሲል ቀስ ብሎ፣ ቃሉን ከቃሉ እየለዩ፣ ፈገግ ብሎ መድገም ነው፤ ልምምዱ እንዲያ ይላል። እህቷም ቀስ ብላ፣ ቃሉን ከቃሉ እየለየች፣ ፈገግ ብላ ደገመችላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም እህትማማቾች ቢሮው አስጠራቸው። ቁጭ በሉም አላላቸው። ሽማግሌው ሎቢ ውስጥ መኪና እየጠበቁ መሆኑን፣ ነገሩ ወደ ውጭ ከወጣ የሆቴሉ ስም አፈር እንደሚበላ ሲተነትን ቆየ። ከዚያ ለስለስ አለ። ሥልጠናው እንከን የለውም፤ ያጠፋው አንድ ሰው ነው። መምህሯ፣ ይህ ምሳሌ ለሐዘንተኛ እንደማይባል አስተምሬ ነበር ካለች ነገሩ እዚሁ ያልቃል። እህትየው ትሰናበታለች፣ ትምህርቱ ይቀጥላል። ይህን ሁሉ የሚለው እህትየው ፊቱ ቆማ ነው፤ እንደ ወንበር ቆጥሯት።

«እውነቱን ብቻ ተናገሪ ነው የምልሽ» አለ።

«እውነቱማ፣ እርስዎ አዘዙ፣ እኔ አስተማርኩ፣ እሷ ተናገረች። ለሦስት የተናገርነውን እሷ ብቻዋን ልትከፍል ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም።»

ሁለቱ ሲፋጠጡ እህትየው በሩን ከፍታ ወጣች። የት እንደምትሄድ ሲገባቸው ተከትለዋት ወረዱ። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ፣ እንግዳውን እንዳታናግሪ እያለ በሹክሹክታ ይጮሃል። እሷ ግን ሽማግሌው ፊት ደርሳ ጎንበስ አለች። እንግሊዝኛውን አልሞከረችውም።

«አባቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። አፌን በቆረጠው።»

ሽማግሌው አልገባቸውም። መምህሯን ምን አለች ብለው ጠየቁ፤ ተረጎመችላቸው። ታዲያ ይህን የምታውቅ ሴት ጠዋት ያንን ለምን አለችኝ ሲሉ ጠየቁ፤ ድምፃቸው ውስጥ ንዴት ነበር።

መምህሯ የምትጠብቀው ይህንኑ ነበር። ትእዛዙን፣ ምሰሶውን፣ ተቆጣጣሪዋን፣ ጃንጥላውን አንድ በአንድ ዘረገፈችው፤ ያዘዘው ይኸው ብላም ሥራ አስኪያጁን በጣቷ አሳየች። ስትናገር ድምፅዋ ከፍ፣ ደግሞ ከፍ እያለ ሄደ። ሻንጣ የሚያወርዱት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ቆሙ። ሽማግሌው ሊነሡ ሞከሩ፣ መልሰው ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«በቃሽ» አለች እህቷ።

«እትዬ፣ ማወቅ አለባቸው እኮ።»

«ሚስታቸው ገና አልተቀበሩም። አንቺ ግን በሰው ሬሳ ላይ ሒሳብሽን ታወራርጃለሽ። ከእሱ በምን ተሻልሽ?»

መምህሯ ሥራ አስኪያጁን የጠቆመችበትን ጣቷን አጠፈች። ለእህቷ ብላ ነው የተናገረችው፤ ወይስ ስትናገር ደስ ስላላት? ደስ ብሏት ነበር። ይህን መካድ አልቻለችም።

መኪናው ደረሰ። እህትየው የሟቿን ሻንጣ በአንድ እጇ አነሣች፤ በሌላው ሽማግሌውን ብብታቸው ሥር ገብታ ደገፈቻቸው። እሳቸውም ክንዳቸውን አልነጠቋትም። ሥራ አስኪያጁ ባንኮኒውን ባዶ ጥለሽ ከወጣሽ እንዳትመለሺ አላት። ሰምታዋለች፤ ምክንያቱም አንዴ ቆም ብላ ሻንጣውን አመቻቸች። ከዚያ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

የባንኮኒው ስልክ መጮህ ጀመረ። የሚያነሣው ሰው አልነበረም።

«አንሺው እንጂ» አላት ሥራ አስኪያጁ።

የመምህሯ ቁጣ አልበረደም፤ ገሚሱ ግን አሁን በገዛ ራሷ ላይ ነበር። በመስተዋቱ ወደ ውጭ ተመለከተች፤ እህቷ መኪናው ውስጥ፣ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀምጣለች።

«እርስዎ ያንሡት» አለችው። «ምን እንደሚባል ያውቃሉ።»