ያልተቋረጠው መስመር

ወንዳወቅ ቡሬ መናኸሪያ ጥግ ኮምፒውተር የሚጠግን ጎረምሳ ነው። እጁ አይታማም፤ የሚታማው ጉራው ነው። ሰው ፊት ከሚያፍር ሱቁ ቢቃጠል ይመርጣል።

እትዬ አቻምየለሽ ኮምፒውተራቸውን ያመጡለት ቫይረስ በልቶባቸው ነበር። ልጃቸው አምላኩ መስማት አይችልም፤ አዲስ አበባ ይማራል፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል። ለሌላ እናት ስልክ ይበቃታል፤ ለእሳቸው ድምፅ ምን ያደርግላቸዋል? እናትና ልጅ የሚጫወቱት በእጅ ስለሆነ የግድ መተያየት አለባቸው። የሞባይል ዳታ በጠፋበት በዚያ ሰሞን ከግቢያቸው ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ዋይፋዩን ፈቀደላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ የምትሰካ ባለ አንቴና ዩኤስቢ ትስበውና ካሜራው ፊት ተቀምጠው እጃቸው እስኪዝል ያወጋሉ።

ወንዳወቅ ታዲያ ቫይረሱን አጥፍቶ መመለስ ሲበቃው፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዊንዶውስ ነቅሎ በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን ጫነላቸው። ነፃ ነው፣ ቫይረስ አይደፍረውም፣ ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ቤታቸው ወስዶ ሲሰካው ግን ያቺ ዩኤስቢ መብራቷ እንኳ አልበራም። ሾፌር የሚሉት፣ ከሊኑክስ ጋር የሚያግባባት ፕሮግራም የላትም ብሎ በልቡ ደመደመ።

እዚህ ላይ አበላሸሁት፣ የድሮውን ልመልስልዎ ቢል ምን ነበረበት? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና፣ «ማሽኑስ ደህና ነው እትዬ፤ የሆቴሉ መስመር ነው የተቋረጠው። እስኪለቀቅ ትንሽ ይታገሡ» አላቸው።

ኔትወርክ ተቋረጠ ሲባል ያኔ ማን ይመረምራል? አመኑት፤ መርቀውም ሸኙት። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ እህታቸው ዘርትሁን ለአምላኩ በስልክ አጭር መልእክት ጻፈችለት፤ እናትህ ደህና ናት፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው አለችው። ልጁ ደጋግሞ ጠየቀ፤ እሷም ያንኑ ደጋግማ መለሰች።

ወንዳወቅ ሱቁን ዘግቶ ሾፌር ፍለጋ ገባ። በሱቁ የሽቦ መስመር ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ፕሮግራሙን ይገጣጥማል፣ ስክሪኑ በስሕተት ይሞላል። በፍላሽ ይዞ መስመሩን ልይ በሚል ሰበብ እትዬ ቤት ይመላለሳል። እሳቸው ደግሞ ስለ እኔ ተንከራተተ ብለው ምሳ ያቀርቡለታል። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ይልና ሳይነግራቸው ይወጣል። ራሱን ጠላ።

በኋላ ነገሩ ተገለጠለት። ለካስ ሾፌሩ ከሊኑክሱ ጋር ኖሯል! ያቺ ዩኤስቢ ስትሰካ የዊንዶውስ ፕሮግራም የተሸከመች ዲስክ መስላ ነው የምትገባው፤ ዲስኩን አስወጣ ብለው በአንዲት መስመር ጽሑፍ ካዘዟት በኋላ ብቻ ወደ ዋይፋይነቷ ትዞራለች። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋው ለከንቱ ነበር። እየሮጠ ሄዶ ትእዛዙን ጻፈ፤ መብራቷ ብልጭ አለች። እትዬ አቻምየለሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ካሜራው ፊት ተቀመጡ፤ ወደ አምላኩ ተደወለ። አያነሳም። ደግመው ደወሉ፤ አሁንም የለም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ በሩ ተከፈተ። አምላኩ ነው፤ ራሱን ተላጭቶ፣ ጥቁር ለብሶ፣ የጭነት መኪና አቧራ ጠጥቶ። እናቱን ሲያይ ደረቀ። ቀርቦ ፊታቸውን በሁለት እጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ እግራቸው ሥር ወደቀና ያለ ድምፅ አለቀሰ።

በእኛ አገር የሩቅ ሰው ዘመዱ ሲሞትበት በስልክ አይነገረውም። ደህና ናቸው እየተባለ ይቆያል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ እስኪያረዳው ድረስ። ይህን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም።

እትዬ አቻምየለሽ የልጃቸውን እጅ እያዩ ለወንዳወቅ ነገሩት። «የሰፈራችን ልጅ ከዚሁ ከሆቴሉ ሆኖ በቪዲዮ ሲያወራ አየሁት ይላል። እኔን ግን ኔትወርክ የለም አሉኝ። ያን ጊዜ እናቴን ቀብረው ደብቀውኛል አልኩ ይላል።» የልጃቸውን አቧራ በነጠላቸው ጠረጉ። «ፈተናውን ጥሎ ነው የመጣ።»

ወንዳወቅ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አምላኩ ዐይኑን አብሶ ወደ እሱ ዞረና እጁን አንቀሳቀሰ።

«አንተ ባለሙያው ነህ፤ እውነት መስመሩ ተቋርጦ ነበር ወይ ይልሃል» አሉት እናቱ።

«አልተቋረጠም እትዬ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አፍሬ ዋሸሁዎት።»

አምላኩ መልሱን ሊያይ ወደ እናቱ እጆች ዞረ። እጆቻቸው ግን ጭናቸው ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ልጁ ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረጋቸው።

«አንተው ንገረው» አሉት ወንዳወቅን።

ወንዳወቅ የእጅ ቋንቋ አያውቅም። ጣቱን ወደ ገዛ ደረቱ ቀሰረና ቆመ።