ስም የተጠራበት ጸሎት

«ጫፉን ጠበቅ አድርገሽ ያዢልኝ እማዬ፣ መንገድ ላይ ይፈታብኛል» አለች ለንሳ፣ ጉልበቷን ፍራሹ ላይ አሳርፋ ገመዱን እየሳበች።

አረጋሽ ያዘችላት። ቋጠሮው ሳያልቅ አልጋው ላይ የነበረው ስልክ ነዘረ። እናትና ልጅ አብረው አዩት። ቶኩማ ይላል። ለንሳ ስልኩን በፊቱ ደፋችውና ወደ ገመዷ ተመለሰች።

«አንዴ እንኳ ብትሰሚው ምን አለ?»

«ምን ሊለኝ? የአዳማ ስልጠና ምሳው ጥሩ ነበር ሊለኝ?»

ለንሳ አዋላጅ ነርስ ናት። ከአምቦ እየተመላለሰች የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ውሃ አልነበረውም። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ፣ ከኋላዋ እህቷ ወይም አማቷ ጄሪካን ተሸክማ ትከተላታለች። አንድ ድርጅት ትልቅ የውሃ ሮቶ ሰጥቷቸው ነበር፤ ሮቶው ሳይተከል ጠፋ። ጠፋ የተባለውን ሮቶ ለንሳ አንድ ቀን አየችው። የጤና ጣቢያው ስም እንደተጻፈበት፣ አንድ ሰው ቤት በሚያሠራበት ግቢ ውስጥ ለሲሚንቶ ማቡኪያ ውሃ ይቀዳበታል። በስልኳ ቀረጸችው። ጄሪካን ይዘው ዳገት የሚወጡትንም ሴቶች ፊታቸውን ሳታሳይ ከጀርባ ቀረጸች። ሁለቱን አገናኝታ፣ በማይታወቅ ስም ፌስቡክ ላይ ለቀቀችው።

ከስልክ ስልክ ዞረ። ባኮ ያለው የጭነት መኪና ሹፌርም፣ ጉደር ያለው ተማሪም፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድም አጋራው። ሳምንት ሳይሞላ ሮቶው አይሱዙ ላይ ተጭኖ መጣና ተተከለ። ለንሳ በቧንቧ ውሃ እጇን ታጥባ ሕፃን እንደተቀበለች ማታ ለእናቷ ስትነግራት ሁለቱም አለቀሱ።

ደስታው አልቆየም። አለቃዋ ማን እንደቀረጸው አወቀ፤ «ለሥራው አስፈላጊነት» ተባለና ራቅ ወዳለችው ወደ ሸነን ከተማ ተዛወረች። የሚያውቁት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እናቷ እና እጮኛዋ ቶኩማ። ቶኩማ እዚያው ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የሚሠራው። የለንሳ ዝውውር በተሰማ ሰሞን እሱ ለስልጠና አዳማ ተላከ። ስልጠና ማለት አበል ነው፤ እዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ማንም በነጻ አይላክም። ለንሳ ሌላ ማስረጃ አልፈለገችም። ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር አፈረሰች፤ ቀለበቱንም በጓደኛዋ እጅ መለሰችለት።

«እሱ ባይሆንስ?» አለች አረጋሽ።

«አንቺ ነሻ ታዲያ?» ለንሳ ሳቀች። «አንቺ እንደሆነ ከጌታ ሌላ ለማንም አትናገሪም።»

አረጋሽም ፈገግ አለች።

«የሚገርምሽ እማዬ» አለች ለንሳ ፍራሹን እየገለበጠች፣ «አለቃዬ ዝውውሬን ሲነግረኝ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ጌታ ይሸፍናት ተብሎ ተጸልዮልሽ አልነበር እንዴ፣ ሳይሸፍንሽ ቀረ?› ብሎ ሳቀብኝ። ጴንጤ ስለሆንኩ ማላገጡ ነው እንግዲህ።»

ገመዱ ከአረጋሽ እጅ ወጣ።

«ያዢው እንጂ እማዬ።»

«እጄን አመመኝ» አለች አረጋሽ። «ድስት ጥጄ ነበር፤ መጣሁ።»

ማድቤት ውስጥ እሳት አልነበረም። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችና ስልኳን ከደረቷ አወጣች። የቤተ ክርስቲያናቸው ሴቶች ቴሌግራም ላይ «የማክሰኞ እህቶች» የሚል ግሩፕ አላቸው። ማክሰኞ ማክሰኞ ለመገናኘት የማይመቻት የጸሎት ርዕሷን በድምፅ ትልካለች። የልጅ ፈተና፣ የባል መጠጥ፣ የላም መካን መሆን፣ ሁሉም እዚያ ይገባል። ስም መጥራትም ልማድ ነው። ጌታ ያውቀዋል ቢባልም፣ ስሙ ያልተጠራ ሰው የተጸለየለት አይመስላቸውም።

የተላከውን በጣቷ እየገፋች ወደ ኋላ ሄደች። የሰርግ ፎቶውን፣ መዝሙሩን፣ «አሜን» የሚለውን ሁሉ አልፋ አገኘችው። ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ከፈተችው።

«እህቶቼ ሰላም ናችሁ? ይሄ ሁሉ ሰው የሚያየው የሮቶ ቪዲዮ አለ አይደል፣ የቀረጸችው የኔዋ ለንሳ ናት። እባካችሁ ስሟን ጥሩልኝ። ጌታ ይሸፍናት፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራት።»

የገዛ ድምፅዋ ነው። ለቅሶም አለበት፤ ግን ሌላም ነገር አለበት። «የኔዋ ለንሳ» ስትል ድምፅዋ ከፍ ብሏል። ያን ዕለት ግቢ ለግቢ ሁሉ ስለ ቪዲዮው ሲወራ፣ ልጄ ናት ማለት ምላሷን በልቷት ነበር። በሰፈር ማውራት ሐሜት ነው ብላ ተወችውና በጸሎት አወራችው።

ከሥሩ «አሜን፣ አሜን፣ ይሸፍናት» ብላ መጀመሪያ የመለሰችው ወሰንየለሽ ናት። የወሰንየለሽ ባል የጤና ጣቢያው ንብረት ክፍል ነው የሚሠራው። አረጋሽ ወሰንየለሽን ልትጠላት ሞከረች፣ አልሆነላትም። ምናልባት ማታ ከባሏ ጋር ተንበርክካ ይሆናል የለንሳን ስም የጠራችው። እንዲጠሩላት የለመነችው ራሷ አይደለችም?

ጣቷን ድምፁ ላይ አሳረፈች። ምርጫዎቹ መጡ። ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ ማጥፋት እንደሚቻል ልጇ ኢፋ አሳይቷታል። አንድ ጊዜ ቆጣሪ አንባቢውን ስትሳደብ ሳታውቀው ተቀርጾ ለማክሰኞ እህቶች የሄደ ጊዜ ነው ያሳያት። አሁንም አንድ ጊዜ ብትነካው ያልቃል። ለንሳ ግሩፑ ውስጥ የለችም፤ መቼም አትሰማውም።

«ጎፍታ» አለች ዓይኗን ጨፍና፣ «ጌታዬ፣ እኔ ሳልናገር አንተ አስታርቃቸው።»

ጸሎቱ ከአፏ ሲወጣ ሰማችውና አፈረች። የራሷን ሥራ ለጌታ ማዘዟ ነበር።

የግቢው በር ተንኳኳ። ወጥታ ስትከፍት ቶኩማ ነው፤ ጺሙን አልተላጨም፤ በእጁ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ይዟል።

«አዴ አረጋሽ፣ እናቴ፣ እንዴት ዋሉ? ትሄዳለች ሲሉ ሰምቼ ነው።»

«አታናግርህም ኢልማ ኮ። ልጄ፣ ሂድ ይቅርብህ።»

«አውቃለሁ። ይሄን ብቻ ስጧት። ፓወር ባንክ ነው፤ ሸነን መብራት ይጠፋል ይላሉ፣ ስልኳ እንዳይዘጋባት።» ከረጢቱን ሰጣትና አልሄደም። «አዴ፣ ወንጌል ይዤ ልማልልዎት እችላለሁ። ስልጠናው ተራዬ ስለደረሰ ነው። ለኃላፊው አንድ ቃል ተናግሬ ከሆነ ዓይኔ ይጥፋ። እርስዎ ያምኑኛል?»

አረጋሽ የከረጢቱን ጆሮ በጣቷ ጠቀለለች። አምንሃለሁ ብትል፣ እንዴት አወቁ ይላታል።

«ጊዜ ስጣት» አለችው። «ሁሉም በጊዜው ይሆናል።»

ቶኩማ ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ጀርባውን እያየች የራሷን ቃል ደገመችው፤ ጊዜ ስጣት። የሰው ቁስል ላይ ጥቅስ ለጥፋ መሸኘቷ ነው።

ለንሳ ከረጢቱን ከእናቷ ተቀብላ ገልጣ አየችና መልሳ ዘጋችው። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። ሲመቸው ይውሰደው።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ቢያምን ኖሮ ይቅር እለው ነበር፣ ታውቂያለሽ? ውሸቱ ነው ያቃጠለኝ።»

ባጃጁ ፍራሹን በጣሪያው፣ ሁለቱን ሴቶችና የቶኩማን ከረጢት በሆዱ ይዞ መናኸሪያ አደረሳቸው። የሸነን ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ረዳቱ ፍራሹን አይቶ ሳቀ።

«ሸነን ፍራሽ የለም ያለሽ ማነው እህቴ?»

«ብርድ አለ ብለውኝ ነው» አለች ለንሳ። «አንተን ልይዝ ስላልቻልኩ ፍራሽ ያዝኩ።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል። መስኮት አጠገብ ተቀመጠችና መስታወቱን ከፈተች።

«በቃ ወደ ቤት ግቢ እማዬ። ፀሐይ ነው።»

«ይሙላና እገባለሁ።»

አረጋሽ ያሰበችው ይህ ነበር፤ ሚኒባሱ ይሂድ፣ ለንሳ ሸነን ትግባ፣ ትረጋጋ፣ ከዚያ በሩቁ ትነግራታለች። በሩቁ ሲሆን ፊት አይታይም። ነገር ግን ሰኞ እነግራታለሁ ያለ ሰው ሰኞ ሲደርስ ሐሙስ ይላል፤ ሐሙስ ሲደርስ ፋሲካ። ራሷን ታውቃታለች። የቶኩማ ወላጆችም የተጣለው ጥሎሽ ይመለስልን ማለት ጀምረዋል፤ ሽማግሌ ጥሎሹን ለማስመለስ ከተነሣ ነገሩ አይጠገንም።

ረዳቱ የመጨረሻዋን ሴትዮ ገፍቶ አስገባ።

አረጋሽ ስልኳን አወጣች። ድምፅዋን አገኘችው፤ ጣቷን አሳረፈችበት። ማጥፊያውና መላኪያው ጎን ለጎን መጡ። መላኪያውን ነካች፤ ከስሞቹ መሐል ለንሳን መረጠች።

የለንሳ ስልክ ጢን አለ።

«ምንድነው የላክሽልኝ?»

«ስሚው።»

«መዝሙር ነው?»

«አይደለም። አሁን ስሚው፣ ሳትሄጂ።»

ለንሳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገችው። አረጋሽ ድምፁ አይሰማትም፤ የቱ ጋ እንደደረሰ ግን በልጇ ፊት ላይ ታየዋለች። «የኔዋ ለንሳ» ሲል የልጅቷ ቅንድብ ተነሣ። «ጌታ ይሸፍናት» ሲል ወረደ። ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና እናቷን አየቻት።

«እኔ ነኝ» አለች አረጋሽ። «እሱ አይደለም። ጸሎት ነው ብዬ ነው፤ ግን ኩራትም ነበረበት።»

ሞተሩ ተነሣ። ረዳቱ በሩን በመዳፉ መታ። ለንሳ እጇን ወደ መስኮቱ አመጣች፤ አረጋሽ ልትይዘኝ ነው ብላ እጇን ዘረጋች። ለንሳ ግን መስታወቱን ስባ ዘጋችው።

ሚኒባሱ ሄደ።

አረጋሽ አቧራው ውስጥ ቆመች። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ከሩቅ አይታት «አዴ አረጋሽ፣ ነጋ ዳ? ሰላም ነሽ?» አለቻት። ሰላም ነኝ ማለት ልማዷ ነበር።

«አይደለሁም» አለች።

ፓወር ባንኩ ከረጢቱ ውስጥ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ፣ የቶኩማ ወላጆች ቤት ወዳለበት ወደ ወንዙ አቅጣጫ ዞረች። ስልኳን ግን ወደ ደረቷ አልመለሰችውም፤ ድምፁን ለእነሱም ታሰማቸው ዘንድ እጇ ላይ እንደያዘችው ሄደች።