የተበላው ሜዳ

ልብስ ሰፊዋ በጨዋታው ቀን ጠዋት አፋፉ ላይ ደርሳ ሜዳውን ቁልቁል ስታየው፣ ተመልካቹ ማልዶ የመጣ መሰላት። ዳር ዳሩ ግጥም ብሏል። መሀል መስመሩ ላይ ሰልፍ አለ። ጎሉ ፊት ለፊት ሳይቀር የተኮለኮለ አለ። ለሴቶች ልጆች እግር ኳስ ይህ ሁሉ ሰው በዚህ ሰዓት ከወጣማ አገር ተለውጧል ብላ እርምጃዋን አፈጠነች። ቀረብ ስትል ግን ተመልካቹ ቀንድ ነበረው።

ፍየል፣ በግ፣ አህያ፣ ዶሮ፤ የመንደሩ እንስሳ አንድም የቀረ የለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ የሜዳውን መስመር ይበላል። ደግሞ አበላላቸው! ከመስመሩ ጋት ታህል ዝንፍ የሚል አልነበረም። የግራ ክንፍ ተጫዋቿ "መስመርሽን ይዘሽ ሩጪ" እየተባለች፣ አሰልጣኟ ልብስ ሰፊዋ ራሷ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኻባት አንድ ቀን እንኳ ያልያዘችውን መስመር፣ አንዲት አህያ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይዛው ሄዳለች። አንድ አውራ ዶሮ ደግሞ የፍጹም ቅጣት ምቷን ነጥብ ለብቻው ይዞ ማንንም አላስጠጋም ብሏል።

"አንተ ባለ ወፍጮ!" ብላ ጮኸች።

ባለ ወፍጮው የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ የቡድኑ ምክትል አሰልጣኝ፣ መረብ ጠጋኝ፣ ኳስ ነፊ ነው፤ ሁሉንም በነጻ። የማዕዘን ባንዲራዎቹን ተሸክሞ ከኋላዋ ይመጣ ነበርና ደርሶ አጠገቧ ቆመ። አየ። ባንዲራዎቹ ከእጁ ወደቁ።

"እትዬ፣ ወደውታል" አለ።

"ዱቄት! የትኛው ጤነኛ ሰው ነው ሜዳ በዱቄት የሚያሰምር?"

"አንቺ ነሽ እኮ!"

እውነቱን ነው። ለመስመር የተቀመጠው ኖራ ዝናብ ገብቶበት ድንጋይ ሆኖ የተገኘው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። የወፍጮ ቤቱን ጥራጊ ዱቄት ያሰበችው እሷ፣ "ነጭ ነው አይደል? ነጭ ከሆነ ይበቃል፣ ጫን!" ያለችውም እሷ ናት። አስምረው ሲጨርሱ ሜዳው አምሮባቸው፣ ሁለቱም የሚኖሩት እንስሳ ባለበት አገር መሆኑን ረስተው እየተሳሳቁ ቤታቸው ገቡ። ግን ሰው ሲናደድ እውነት መስማት አይፈልግም።

"እኔ ብልህስ? ምክትል ያደረግሁህ ለምንድን ነው? እምቢ እንድትለኝ ነው እኮ!"

"ባለፈው እምቢ ስልሽ በመቀስ ያባረርሽኝ ተረሳሽ?"

"የልብስ መቀስ ነው፤ ሰው አይጎዳም። ይልቅ አህያዋን ያዝ!"

ነገሩ ዳኛ የሚመጣ ባይሆን ኖሮ ያስቅ ነበር። ጨዋታው አራት ሰዓት ላይ ነው። በደንቡ መሠረት ሜዳው በሰዓቱ ተሰምሮ ካልተገኘ ባለሜዳው ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል፤ ሁለት ፎርፌ ያለበት ቡድን ደግሞ ከውድድሩ ይሰረዛል። አንዱን ፎርፌ ባለፈው ወር በልተውታል፤ በረኛዋ ስትንጠለጠልበት አግዳሚው አብሯት ስለወረደ። ዛሬ ሁለተኛው ከተጨመረ ቡድን የሚባል ነገር የለም።

ይህ ደንብ ትዝ ባላት ቁጥር ደሟ ይፈላል። ያወጡት ሰዎች ሜዳ ማለት ተሰምሮ ከመሬት የሚበቅል የሚመስላቸው ናቸው። እሷ ድንጋዩን በእጇ ለቅማ፣ የጎል ቋሚውን ለምና፣ ማሊያውን ከመጋረጃ ትራፊ ሰፍታ፣ አባቶችን ደጃቸው ድረስ ሄዳ ተሟግታ ያቆመችውን ቡድን፣ በሕይወታቸው አንዲት ጠጠር አንስተው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ፊሽካ ሊያፈርሱት ነው። "ስፖርትን እናስፋፋለን" ይላሉ ደግሞ! ምን አስፋፉ? ወንበራቸውን!

ይህን እያሰበች አንዱን ፍየል በቀንዱ ስትጎትት የሞተር ብስክሌት ድምፅ ተሰማ። ዳኛው ነው። ጥቁር ሸሚዙና ሱሪው ተተኩሶ ስለት የመሰለ፣ ፊሽካው አንገቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ ፈገግታ ተፈልጎ የማይገኝ ሰው። ወረደና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ።

"መስመሩ የታለ?"

"አለ" አለች ሰፊዋ።

"የት?"

ባለ ወፍጮው ምላሱን መያዝ አቃተው። "ጌታዬ፣ ፍየሉ ሆድ ውስጥ።"

ሰፊዋ በክርኗ ጎሰመችው። ዳኛው ሰዓቱን አየ። "አራት ሰዓት ላይ መስመር ካላየሁ ፊሽካ አልነፋም። ፎርፌ ነው።"

"ጋሼ ዳኛ፣ ሰው አይደሉም እንዴ? ኳሱ ሲወጣ እኮ ዓይን አለን፣ እናየዋለን!"

"ደንቡ ስለ ዓይን አይናገርም፤ ስለ መስመር ነው።"

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ስድቡም ደህና ስድብ ነበር፤ ለዓመታት የተጠራቀመ። ግን ከዳኛው ትከሻ በላይ፣ ከሜዳው አጠገብ ያለ ቤት አጥር ላይ አንድ ነጭ አንሶላ ተሰጥቶ ሲውለበለብ አየች፤ ስድቧ አፏ ውስጥ ቀረ።

"አንሶላ!" አለች።

"ምን አሉኝ?" አለ ዳኛው።

"አንሶላ! አንተ ባለ ወፍጮ፣ ሩጥ! ቤት ለቤት! ነጭ አንሶላ ያለው ሰው ሁሉ ይዞ ይውጣ በል! መኪናዬንም አምጡልኝ!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን መንደሩ እስካሁን ተስማምቶ ማውራት አልቻለም፤ ሁሉም የራሱን አንሶላ ታሪክ ነው የሚያወራው። ልጆች እንስሳውን ከሜዳው ነድተው ሲያስወጡ፣ የስፌት መኪናዋ በአራት ሰው ሸክም እንደ ሙሽራ እየተንገጫገጨች መጥታ ጥላ ሥር ተተከለች። በረኛዋና ተከላካዮቹ አንሶላ ይተረትራሉ፤ ሰፊዋ ቁራጩን ከቁራጭ ትቀጥላለች፤ እግሯ መርገጫው ላይ ይጋልባል። ባለ ወፍጮው የተሰፋውን ጫፍ ይዞ በሜዳው ዳር ሲሮጥ መስመሩ ከመኪናዋ ሥር እንደ ወንዝ ይፈሳል። ከኋላው መዶሻና ሚስማር የያዙ ልጆች ተከትለው ወጥረው ይቸነክራሉ።

"ይሄኛው አበባ አለበት!" አለ አንዱ።

"አበባ ያለበት መስመር አይቆጠርም" አለ ዳኛው ከወዲያ።

"ገልብጠው! በጀርባው ነጭ ነው!"

አንዲት ባልቴት ታጥፎ የኖረ አንሶላ ይዘው መጡ። "ከሠርጌ ወዲህ አልተዘረጋም፤ ለመቃብሬ ነበር ያስቀመጥኩት" አሉ።

"እማማ፣ ይሄንማ አልቀድም!"

"ቅደጂው ልጄ፣ እኔ መቼም አሁን አልሞትም፤ ጨዋታ አለብኝ።"

ችግሩ መሀል ክቡ ላይ መጣ። ቀጥ ያለ ቁራጭ ክብ ላይ ሲያነጥፉት ይሸበሸባል፤ ልብስ ሰፊ ይህን የአንገት ክፈፍ ከምትሰፋበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። በሰያፍ ልትቆርጥ ጊዜ የላትም። የቡድኑ ሐኪም ነኝ የምትለው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ቀኑ ያለፈበት ፋሻ በከረጢት አቅፋ ደረሰች።

"ፋሻ ይለጠጣል" አለች እያለከለከች። "ጉልበት ላይ የተጠመዘዘ ክብ ላይ አይጠመዘዝም?"

"የኔ እህት፣ ልሳምሽ!"

"ኋላ! መጀመሪያ ጫፉን ያዢ!"

ዳኛው እስከዚህ ድረስ ሜትር ይዞ እየዞረ ሲለካ ነበር። የቅጣት ምት ክልሉ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አለ። አንገቱን ዘመም አደረገ።

"ይሄ ጠማማ ነው።"

"የት ጋ?" አለች ሰፊዋ፣ ክር በጥርሷ እንደያዘች።

"እዚህ ጋ። ወደ ውስጥ ገብቷል።"

"እንዲያ ከሆነ ያውጡታ!"

ዳኛው ጠማማ መስመር አይቶ ማለፍ የሚችል ሰው አልነበረም። ሚስማሩን ነቀለ። አንሶላውን ወጠረ። እንደገና አየው፤ አላማረውም። ያ እንደ ስለት የተተኮሰ ሱሪ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። "መዶሻ!" አለ። ሲሰጡት ተቀብሎ ይመታ ጀመር፤ "ወዲህ ሳቢው፣ አትልቀቂው፣ እንዲህ አይደለም!" እያለ አማካይዋን ተጫዋች ሲቆጣ፣ ቁጣው ከሰፊዋ ቁጣ ጋር የአንድ እናት ልጅ ይመስል ነበር።

"ጋሼ ዳኛ" አለች ሰፊዋ፣ "ስፌት የት ተማሩ?"

"ሥራሽን ሥሪ! የጎሉ ክልል ገና ነው!" አላት። አንቺ ብሏታል። እሷም አልተቀየመችም።

የእንግዶቹ ቡድን አውቶቡስ ሲደርስ አንድ አይነት ካልሲ ያደረጉ የከተማ ልጆች ወርደው፣ ዳኛውን በጉልበቱ ተንበርክኮ ሚስማር በአፉ ይዞ አገኙት። አሰልጣኛቸው ምን እንደሆነ ጠየቀ። "ሜዳ እያዘጋጀን ነው" አለ ዳኛው፣ ሚስማሩን ሳያወጣ።

አራት ሰዓት ሲሆን ተነሣ። ጉልበቱን አራገፈ። ሜዳውን ዙሪያውን ተመለከተ። ባለ ወፍጮው የሰፊዋን ክንድ ጨምድዶ ያዘ፤ እሷም አልተሰማትም። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ወሰደ፤ ነፋ።

ጩኸቱ! ጎል የገባ የመሰላቸው እንግዶች ወደ መረባቸው ዞረው አዩ። ሰፊዋ ነርሷን ሳመች፣ ባልቴቷን ሳመች፣ ባለ ወፍጮውን በጥፊ ይሁን በመዳሰስ ባልለየ እጅ ፊቱን መታችው። የሚቀጥለው ሁሉ ለእሷ ትርፍ ነው። ፎርፌ የለም። ቡድኑ አለ።

ስለ ጨዋታው ከተጠየቀ ግን ተደበደቡ። አራት ለባዶ ሆነ። ቢሆንም እንግዶቹ ባገቡ ቁጥር መንደሩ ያጨበጭብ ስለነበር የከተማ ልጆቹ ተሸማቀቁ፤ አራተኛዋን ያገባችው ልጅ ይቅርታ ልትጠይቅ ምንም አልቀራት።

ሊያልቅ ሲል የግራ ክንፏ ኳሷን ይዛ ወጣች። መስመሩን ይዛ! "ያዢው! ያዢው!" ይላል ሜዳው። እስከ ጥጉ ደርሳ ወደ ጎል አሻማች፤ ኳሷ የእንግዶቹን በረኛ አልፋ፣ ቋሚ መትታ፣ እየተንከባለለች ጎሉ አፍ ላይ ያለው አንሶላ ጋ ቀጥ ብላ ቆመች። ገብታለች፣ አልገባችም፤ ሁለት አገር ተጨቃጨቀ። ዳኛው ሮጦ መጣና ያለ ምንም ማንገራገር በሆዱ ተኛ። ጉንጩን ሣሩ ላይ አድርጎ በኳሷና በአንሶላው መሀል አጨንቁሮ አየ። ራሱ የወጠረው መስመር ነው፤ ያውቀዋል። በመሀላቸው የጣት ያህል ሣር ነበር።

ተነሥቶ ወደ መሀል ሜዳ ጠቆመ። ጎል!

ሰፊዋ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው ሜዳው መሀል፣ የአንገት ሜትሯ እየተውለበለበ፣ የግራ ክንፏን ተሸክማ ስትሽከረከር ነው። ዳኛው ፊቷ ቆመ። እጁን ኪሱ ከተተና ቢጫ ካርድ አወጣባት።

"አሰልጣኝ ሜዳ አይገባም" አለ። ከንፈሩ ግን ሳቅ ለማፈን ይታገል ነበር።

ሰፊዋ ካርዱን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ አፋፉ እስኪያስተጋባ ጮኸች።

"ቢጫ ሰጠኝ! አያችሁ? ቢጫ! ከውድድር የወጣ ሰው ቢጫ ያያል እንዴ?"

ሕዝቡ ከጎሉ ይልቅ ለካርዱ አጨበጨበ።