የተቆላው አፈር

ነዳጅ የጫነው ቦቴ ከሮቤ ወደ ጎባ ሲወጣ ከመንገድ ስቶ ማሳዬ ላይ ተገለበጠ። ሾፌሩ ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ። ስንዴዬ ግን በቆመበት ጠቆረ፤ መሬቱን ረግጬ ስመለስ ጫማዬ ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።

አፈር የሚያጸዳ ኩባንያ መጣ። ነዳጅ የጠጣውን አፈር ቆፍረው በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ቀስ እያሉ ያሞቁታል፤ ነዳጁ ተንኖ በቱቦ ይሄዳል፣ አፈሩ ይቀራል። ሥራውን የምትመራው ቢሊሱማ የምትባል የጊኒር ልጅ ናት። «አዴ ሃጂራ፣ ሙቀቱን ዝቅ የምናደርገው አፈሩ እንዳይቃጠል ነው» አለችኝ። አመንኳት። ሲመልሱልኝ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት፤ ምንም የለውም።

የእርሻ ቀን ደርሶ ጎረቤቱን ደቦ ጠራሁ። አንድ ሰው አልመጣም። «የተቆላ ዘር አይበቅልም፤ የተቆላ አፈርስ ምን ያበቅላል?» ይላሉ አሉ። እኔ ያለ ደቦ ምን በሬ አለኝ?

በማግስቱ የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ከሊል ሽማግሌዎች አስከትሎ ማሳው ላይ መጣ። ከፊት ሐጂ መሀመድአወል ነበሩ፤ በአካባቢው የእሳቸውን ቃል የሚያጥፍ የለም።

«ሃጂራ፣ መሬቱ ሞቷል» አለ ከሊል። «ለቆሻሻ መጣያ ይሁን ብለናል። አንቺ እኔ ግቢ አንድ ክፍል ትይዣለሽ።»

ደሜ ፈላ። ልጆቼን ያሳደግኩበትን መሬት!

«ክፍሉን ለፍየሎችህ ስጣቸው» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ሊቆጡኝ አፋቸውን ሲከፍቱ የቀትሩ የዙህር ሶላት አዛን ተሰማ። ወንዶቹ ከጀሪካን ውሃ ታጥበው ውዱእ አደረጉ። እኔ ግን ሳንባዬን ካመመኝ ወዲህ ሐኪሙ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነኪ ስላለኝ፣ ለሶላት የምዘጋጀው በተየሙም ነው፤ በንጹሕ አፈር። ቤቴ ውስጥ ለዚሁ ያስቀመጥኩት አፈር አለኝ። አልሄድኩም። ጎንበስ አልኩና መዳፎቼን ማሳዬ ላይ መታሁ።

«አስተግፊሩላህ! እሳት በነካው አፈር ተየሙም?» ጮኸ ከሊል።

እጄን እንደዘረጋሁ ወደ ሐጂ ዞርኩ። «እርስዎ ይፍረዱ። ይሄ አመድ ነው? ሸክላ ነው? ወይስ አፈር?»

ሐጂ ጉልበታቸውን ይዘው ቁጢጥ አሉ። ቆንጠር አድርገው አሹት፣ አሸተቱት።

«አፈር ነው» አሉ በመጨረሻ።

«ተየሙም ይሆናል?»

«ይሆናል።»

ፊቴንና እጆቼን አበስኩ። «ለአላህ ፊት የበቃ አፈር ለስንዴ ያንሳል? እንግዲህ ወይ እዚሁ ስገዱበት፣ ወይ ከማሳዬ ውጡልኝ!»

ለሐጂ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። አልተቆጡም። ጫማቸውን አውልቀው ወደ ቂብላ ዞሩና «ኮታ፣ ኑ፣ ሰፍ ያዙ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተሰለፉ። ከሊል ዳር ቆሞ ሲያመነታ ቆየ፤ ሁሉም ሲሰለፍ ብቻውን መቅረት አሳፍሮት ገባ። እኔ ከኋላቸው ሰገድኩ።

ሶላቱ ሲያበቃ ከሊል ዞረ። ግንባሩ ላይ አፈሬ ተለጥፏል። ሊጠርገው እጁን አነሳ።

«ተወው» አልኩት። «ነገ በሬዎችህን ጠምደህ ስትመጣ ታራግፈዋለህ።»