የስልከኛዋ ቤት

ሠላሳ ዓመት በስልክ ቤት ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ስለኖሩ፣ ጎረቤቱ የሚያውቃቸው «ስልከኛዋ» በሚል ስም ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። አከራያቸው ቤቴን ይልቀቁልኝ ብሎ ከሰሳቸው። ሬዲዮአቸው ቀኑን ሙሉ ግድግዳ እስኪነቃነቅ ይጮኻል፤ ቢያንኳኩባቸው አይከፍቱም፣ ቢለምኗቸው ጆሮ ዳባ ልበስ።

የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮው ጠበቃ መዝገቡን አገላብጦ በረጅሙ ተነፈሰ። አብራው ለምትሠራው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ «አከራዩ አራት ጎረቤት ምስክር ቆጥሮባቸዋል። እሳቸው ደግሞ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም። እስቲ አንቺ ሞክሪ» አላት።

ሁለት ቀን ተመላልሳ አንኳኳች፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ቀን «እማማ፣ ልረዳዎት ነው የመጣሁት፤ በር ላይ ነኝ» ብላ ጽፋ በበሩ ሥር አሾለከች። በሩ ተከፈተ።

ስታናግራቸው አሮጊቷ ዓይናቸውን ከከንፈሯ አልነቀሉም። ያን ጊዜ ገባት። «አይሰሙም እንዴ?» ብላ ጻፈችላቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ስልከኛዋ ደነቆረች ቢባል ሰው አይስቅብኝም ልጄ?»

«ታዲያ ሬዲዮው?» ስትል ወደ ሬዲዮው ጠቆመች።

«እሱንም አልሰማውም። እጄን ሳሳርፍበት ግን ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል።»

ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። የሐኪሙን ማስረጃና የራሷን ሪፖርት ለጠበቃው አስረከበች። ከዚያ የአራቱንም ምስክሮች በር አንኳኩታ አሮጊቷ እንደማይሰሙ ነገረቻቸው። አንደኛዋ «ንቀውን መስሎን እኮ ነው!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። በቀጠሮው ቀን ጠበቃው ማስረጃውን ለዳኛው አቀረበ፤ አከራዩም ሬዲዮው እንዲቀነስ ተስማምቶ ክሱን ተወ።

የጉዳዩን መዝጊያ ቅጽ ልታስፈርም ስትሄድ፣ ስልከኛዋ ሐኪሙ ያዘዘላቸውን አዲስ የመስሚያ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ፀጉራቸውን አበጥረው ጠበቋት።

«ደግሞ መቼ ትመጫለሽ?»

«ጉዳዩ እኮ ተዘጋ፣ እማማ።»

አሮጊቷ እስክሪብቶውን አነሱ። «ብሸነፍ ኖሮ ትመጪ ነበር ማለት ነው?»

«ብቅ ማለቴ አይቀርም» አለች። አሮጊቷ ቀስ ብለው ፈረሙ።

ጠበቃው መዝገቡን ካሸነፏቸው መዝገቦች ተርታ አስቀመጠው። በእሷ ጠረጴዛ ላይ ሌሎች ዘጠኝ መዝገቦች ይጠብቁ ነበር፤ ዘጠኝ በር፣ ዘጠኝ ብቸኛ ሰው። ወሩ አለቀ፤ ስልከኛዋ ቤት አልሄደችም።