የሁለቱ ማዶ ኮሚሽን

እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷ ገና ፊደል አልቆጠረችም ነበር። ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ፀጉሯን መጎንጎን ከጎረቤት ሴት ተማረ፤ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራም ጢም እንኳ ሳያበቅል ከትልልቆቹ መሀል ኮስተር ብሎ የሚቀመጠው እሱ ነበር። «ሚጢጢ» ይላታል። ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ በቁመትም በልጣው፣ ለሱ ሚጢጢ እንደሆነች ቀረች። እሷ ደግሞ «ጋሼ» ትለዋለች።

ኋላ ወንዙን ተሻግራ አገባች። ባሏ የማዶው ክልል ሰው ስለሆነ እሷም እዚያው ንግድ ቢሮ ተቀጠረች። ጋሼ በሠርጓ ቀን ላብ በላብ እስኪሆን ጨፈረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በደወለች ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚቀድመው «ጠፋሽ» የምትል ቃሉ ሆነች።

ሁለቱ ክልሎች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ንግድ የሚያሳድግ የጋራ ኮሚሽን ለማቋቋም ሲስማሙ፣ ማቋቋሚያ ሕጉን እንዲያረቅቁ ከተመረጡት ባለሙያዎች አንዷ እሷ ሆነች። የትውልድ ክልሏን ቡድን እየመራ የመጣው ደግሞ ጋሼ ነበር፤ ስብሰባውን እንዲመራም የተመረጠው እሱ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ዳርና ዳር ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ሐሳብ ነበረኝ» አለች።

«ይቀጥሉ፣ ባለሙያ» አላት፣ ወረቀቱን እያየ። ዝምድናቸውን የሚያውቁት ሳቃቸውን ዋጡ።

ስለ ኬላው የሚያወራው አንቀጽ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ነገር በሰላም ሄደ። ወንዙን በሚያሻግረው ድልድይ ወዲህና ወዲያ ሁለት ኬላዎች አሉ። አንዱ ጋ ተራግፎ የተፈተሸ ጭነት፣ ሌላው ጋ እንደገና ይራገፋል፤ ቲማቲሙ እዚያው ፀሐይ ላይ ይፈርጣል። ኮሚሽኑ አንዱን ኬላ የመዝጋት ሥልጣን እንዲሰጠው ጠየቀች።

«ፈታሾቹስ?» አለ ጋሼ። «ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ናቸው። ሜዳ ላይ እንበትናቸው?»

«ቲማቲም የሚያመርተውም ቤተሰብ አለው፣ ክቡር ሰብሳቢ።»

ጋሼ መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲህ ባለሙያዋ ወንዙን ከተሻገሩ ወዲህ የኛ ማዶ ሰው ተረስቷቸው ይሆናል።»

እሷ ረቂቁን አጠፈችው። የሷ ቡድን መሪ ቶሎ ብለው ምሳ እንውጣ አሉ።

ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ሳለች ጋሼ ብርቱካን ይዞ መጣ። አጠገቧ ተቀምጦ ላጠና ግማሹን ሰጣት።

«ተቀየምሽኝ?»

«ሰብሳቢውን አልተቀየምኩም። ወንድሜን ነው የተቀየምኩት።»

«ልክ ነሽ» አለ ቀስ ብሎ። «አፌ አመለጠኝ። ኬላውን እያወራሁ መስሎኝ፣ ጥለሽኝ መሄድሽን ነው ያወራሁት።»

ከብርቱካኑ አንድ ፍልቃቂ ጎረሰች። «ጋሼ፣ ለምን ብቅ እንደማልል ታውቃለህ? እህል የጫነው መኪና ሁሉ ድልድዩ ላይ ይሰለፋል፣ አውቶቡሱ ከኋላው ነው። ልጄ እየተነጫነጨ ውሎ አንተ ቤት የምንደርሰው ሲመሽ ነው። እንዳደርን ደግሞ ወረፋው ሳይረዝም ብለን እንመለሳለን።»

«ታዲያ ይኼን ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገርሽም?»

«ናፍቆት በየትኛው አንቀጽ ይገባል?»

ጋሼ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። «ፈታሾቹን ግን አልጥልም፣ ሚጢጢ» አላት።

«ማን ጣላቸው አለህ? የሁለቱም ወገን ፈታሾች አንድ ቤት ይግቡ። መኪናው አንዴ ይቁም፣ አብረው ይፈትሹት።»

«እሱንማ ቀድሞ መናገር ነበር።»

«መች አስጨረስከኝ?»

ከሰዓት በኋላ ጋሼ መጀመሪያ ባለሙያዋን በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ «አንቀጹን አሻሽለው ያቅርቡልን» አላት። አቀረበች፤ ፈታሾቹ በየተራ ስለሚያድሩበት ሁኔታ ሁለቱ ቡድኖች ትንሽ ተጨቃጨቁና አንቀጹ አለፈ። የቡድኗ መሪ ሲወጡ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው «ምን ብለሽ አግባባሽው?» አሏት።

«ተጣልተን ነው» አለቻቸው።

ኮሚሽኑ በድልድዩ አጠገብ፣ ድሮ መጋዘን በነበረ ቤት ሥራ ጀመረ። ለምክትል ሰብሳቢነት ሲያጯት እምቢ አላለችም፤ ጋሼ ግን ሰብሳቢ ሁን ቢሉት «እህትና ወንድም አንድ ቢሮ ከገባን ሰው ምን ይላል» ብሎ ለሌላ ተወ።

አንድ ቅዳሜ ከባሏና ከልጇ ጋር የጋሼን በር አንኳኳች። ገና ረፋድ ነበር። ጋሼ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ፊቱን በግማሽ ተላጭቶ ከፈተ። አረፋው ጉንጩ ላይ ነው።

«ምነው፣ ሳትደውሉ? ለምሳ እኮ ገና ምንም አልገዛሁም።»

«ወረፋ የለም፣ ጋሼ። ዝም ብለን አለፍን።»

ልጁን አቀፈው። ልጁ አረፋውን ነክቶ ሲስቅ፣ ጋሼ አገጩን አስጠግቶ ደህና አድርጎ ቀባው፤ ከዚያ ሁሉንም እየገፋ ወደ ውስጥ አስገባቸው።