ቅውት ውርድ

በታይፕ ጨዋታ ሸዋ ሮቢት ውስጥ የዓሊያን ያህል የሚፈጥን አልነበረም። ጨዋታው ቀላል ነው፤ የእንግሊዝኛ ቃላት ከስክሪኑ አናት ይወርዳሉ፣ መሬት ሳይነኩ መጻፍ ነው። ያመለጠ ቃል ይፈነዳል። የሱፍዋን ኮምፒውተር ቤት በዚያ ሙቀት ምድጃ ነው፤ እሷ ግን ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች አንድም ቃል አታስመልጥም።

ጓደኛዋ ሕይወት ከጎኗ አትጠፋም። እናቶቻቸው ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሽንኩርት ሲሸጡ፣ አንዷ ዞር ስትል ሌላዋ ሁለቱንም እያጠባች ነው ያሳደጓቸው። የሕይወት ጣት ዘገምተኛ ነው፤ ዓሊያ እጇን ይዛ ነበር ያስተማረቻት።

አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ጸሐፊ ሊቀጥር ማስታወቂያ ሲያወጣ ሁለቱም ተመዘገቡ። ዓሊያ ካላለፈች ማጀቴ ከተማ ወርዳ የአጎቷን ሱቅ ልትጠብቅ አባቷ ቃላቸውን ሰጥተዋል። አባቷ ደግሞ ቃላቸውን አያጥፉም።

«ፈተናው በምንድን ነው?» አለች ዓሊያ።

«ኮምፒውተር አይደል? በእንግሊዝኛ ነዋ! አንቺ ብቻ ጨዋታሽን ተጫወቺ» አለች ሕይወት።

ዓሊያም ተጫወተች። ሞኝ አትበሏት፤ የጡት እህት ትዋሻለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የፈተናው ቀን የተሰጣት ወረቀት አማርኛ ነበር። በስልኳማ ፊደሉን እየነካች ስትጽፍ ትውላለች፤ እዚህ ግን ተነባቢውን ከአናባቢው ማጣመር አለ፣ እሷ ደግሞ አልተማረችውም። «ቀወት ወረዳ» ብላ ስትመታ «ቅውት ውርድ» ሆኖ ወጣ። ፊደሉ ሁሉ ሳድስ ሆኖ ቁጭ። ፈታኙ በትከሻዋ አሻግሮ አየና «ውርድ ከራሴ ነው?» ብሎ ሳቀ። ከጎኗ የሕይወት ቁልፎች ሳይደናቀፉ ይንኳኳሉ። ዓሊያ ዞር ብላ አየቻት፤ ሕይወት ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም።

ስትወጣ የኮምፒውተር ቤቱን ሱፍዋን ከከረመበት ካራቆሬ ተመልሶ ከባጃጅ ሲወርድ አገኘችው።

«እንዴት ነበር? የአማርኛው ጨዋታ ጠቀመሽ?»

«የቱ የአማርኛ ጨዋታ?»

«ወላሂ ለሕይወት በፍላሽ ሰጥቻት ነበር! ፈተናው በአማርኛ ነው፣ ሁለታችሁም ተለማመዱ ብዬ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ መውደቁን እንጂ ሕመሙን የሚነግር ተረት ግን የለም። ዓሊያን ያቃጠላት ሥራው አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ቃላት ስትደክም ያቺ አጠገቧ ተቀምጣ «ጎበዝ!» ስትላት መክረሟ ነው።

ሕይወት ማለፏ በተለጠፈ ማግስት ራሷ መጣች። ዓሊያ ልብሷን በሻንጣ እየከተተች ነበር።

«ፍላሹን ለምን ደበቅሽኝ?»

ሕይወት መሬት መሬት አየች። «አንቺ ካወቅሽው እኔ የት አባቴ እገባለሁ? አንዲት ሴት ብቻ ነው የሚፈልጉት።» ጠጋ አለች። «አሁን አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነው የመጣሁት። ለካ ሥራው ላይ የእንግሊዝኛ ደብዳቤም አለ። ማጀቴ ሳትሄጂ... የኔ ጣት እንደሁ ታውቂዋለሽ። ትንሽ ብታለማምጂኝ?»

ዓሊያ የሻንጣውን ዚፕ ሳበች። ዕድሜ ልኳን ሕይወት ለምናት እምቢ ብላ አታውቅም፤ አፏም ልማዱን አልረሳ ኖሮ «እሺ» ሊል ተከፈተ። ከክህደቱ ሁሉ ይልቅ ያስለቀሳት ይኸው ነበር።